የድልድዩ ደብዳቤ

ሰኞ፣ የካቲት 3። ጠዋት 3፡20

ፕሪንተሩ ዛሬም ወረቀት ጎርሶ አልተፋም። ሦስተኛ ጊዜው። ሆዱን ከፍቼ ጎትቼ አወጣሁት። ጣቶቼ በቶነር ጠቁረዋል፤ አንተም ላይ አሻራዬ ይኸው፣ ደብተር። ገና ከጠዋቱ አምስት የእንግሊዝኛ የሥራ ማመልከቻ ጽፌአለሁ። የአምስቱም መጨረሻ አንድ ነው፤ አይ ሉክ ፎርዋርድ ቱ ሂሪንግ ፍሮም ዩ። እዚያች ዓረፍተ ነገር ጋ ስደርስ ዓይኔ ስክሪኑ ላይ የለም። ጣቶቼ ይጽፋሉ፣ እኔ በበሩ በኩል ታክሲ ሲሞላ አያለሁ።

ትርጉሟን የሚጠይቅ ደንበኛ በሳምንት አንድ ቢገኝ ነው። "መልስዎን በጉጉት እጠብቃለሁ" ማለት ነው እለዋለሁ። ራሱን ይነቀንቃል፣ ይፈርማል፣ ይሄዳል። ሉክ ማየት ነው፣ ፎርዋርድ ወደ ፊት። ሁለቱ ሲገጥሙ ጉጉት የሚሆኑት እንዴት እንደሆነ እኔም ጠይቄ አላውቅም። ተጽፋ አገኘኋት፣ እጽፋታለሁ።

ጋሽ ከድር፣ የሱቁ ባለቤት፣ ከሰዓት አንድ ነገር እነግርሻለሁ ብለዋል። ፊታቸው ደስ አላለኝም። በአሥራ አራት ዓመት እንዲህ ሆነው ያየኋቸው ሁለት ጊዜ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ ሰው ሞቶባቸው ነበር።

ከቀኑ 10፡00

ነገሩኝ። ጽሕፈቱ በወሩ መጨረሻ ይቀራል። እኔና ኮምፒውተሩ በተቀመጥንበት ቦታ የስልክ መሸፈኛና ቻርጀር ይደረደራል። መጀመሪያ ሻይ አዘዙልኝ፣ ስኳሩን ራሳቸው አማሰሉልኝ፣ ከዚያ ነው የነገሩኝ። ሰዉ አሁን ማመልከቻውን ስልኩ ነው የሚጽፍለት፣ እኛ ጋ የሚመጣው ለማተም ብቻ ነው አሉ። እውነት ነው። "ልጄ፣ አትቀየሚኝ" አሉ። በእሳቸው መናደድ አልቻልኩም፣ ደግ ሰው ናቸው። ተመልሼ የፕሪንተሩን ክዳን በኃይል ዘጋሁት። አሁን ክዳኑም አልገጥም ብሏል።

አርባ ሦስት ዓመቴ ነው። ራስ መኮንን ድልድይ አፍ ላይ ተቀምጬ ስንቱን ሰው በማመልከቻ ሸኝቻለሁ። የራሴን ጽፌ አላውቅም። ያኔ ጋሽ ከድር መጻፍ ትችያለሽ ወይ አሉኝ፣ አዎ አልኳቸው፣ በማግስቱ ሥራ ጀመርኩ።

ረቡዕ 5

ፈቲያ መጣች። አባቷ ከኛ ሦስት ሱቅ አለፍ ብለው ጨርቅ ይሸጣሉ። ሃያ አምስት ዓመቷ ነው፣ ከተመረቀች ሁለት ዓመት ሆናት፣ እኔ ጋ ሳትመጣ ያለፈ ሳምንት የለም። "እትዬ ትርሲት፣ ዛሬ ደግሞ የማን ሚኒስትር ልሁን?" እያለች ነው የምትገባው። ወረፋ የያዘው ሁሉ ይስቃል። እኔም በዚያች ሳቅ እስከ ምሳ እገፋለሁ።

አራት ኪሎ ከማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በስልኳ ያነሳችውን አሳየችኝ። አንድ አስመጪ ድርጅት። የሰነድና የደብዳቤ ሠራተኛ። ዲፕሎማና ከዚያ በላይ። አማርኛና እንግሊዝኛ አጣርቶ የሚጽፍ። የኮምፒውተር ችሎታ። ብዛት፦ አንድ።

አነበብኩት። ደግሜ አነበብኩት። እኔን ከፊታቸው አስቀምጠው የጻፉት ነው የሚመስለው። የፈቲያን ማመልከቻ እንደ ወትሮው ጨረስኩ፤ ስም ቀየርኩ፣ ቀን ቀየርኩ፣ የመ/ቤቱን ስም ቀየርኩ፣ መጨረሻ ላይ ያቺው መዝጊያ ዓረፍተ ነገር አለች። ሰባት ደቂቃ። አመስግናኝ ሄደች። ማስታወቂያውን ግን ወደ ኮምፒውተሩ ስቤው ነበር፣ አላጠፋሁትም። ለሷም አልነገርኳትም። ምን ልበላት? እኔም ካንቺ ጋር እወዳደራለሁ ይባላል? ሼም ነው።

ሐሙስ 6

የራሴን ልጽፍ ተቀመጥኩ። አልወጣ አለ። ስሜን ጽፌ ቆምኩ። ስለ ሌላው ሰው በቀን አሥር ጊዜ "ታታሪና ታማኝ" የምል ሴትዮ ስለ ራሴ አንድ ቃል አጣሁ። ታታሪ ነኝ? ምናልባት። ታማኝ ነኝ? ትናንት ለፈቲያ ያልነገርኳትን እያሰብኩ ይሄን እንዴት ልጻፍ።

መጨረሻ ላይ "ናሙና ዋናው" የሚለውን ፋይል ከፈትኩ። ከኔ በፊት እዚህ የነበረው ጸሐፊ ትቶልኝ የሄደ ነው፤ እሱም ከሌላ ነው ያገኘው። ሁሉም ደንበኛ ከዚህ ፋይል ነው የሚወጣው። አንዴ መቀየሩን ረስቼ ጢሙ የተንዠረገገ ሾፌር "ወይዘሪት" ተብሎ አመልክቷል። ስሜን አስገባሁ፣ አተምኩ፣ በምሳ ሰዓት አራት ኪሎ ወጥቼ አስገባሁ። መዝጊያዋም አብራኝ ሄደች።

ዓርብ 7

ቲቸር በላቸው መጡ። ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ናቸው፤ አንድ ገጽ ፎቶ ኮፒ ለማስነሳት መጥተው አንድ ሰዓት ይቀመጣሉ። የተበላሸ ወረቀት ጀርባውን ስለምንጠቀምበት ከዚያ ክምር አንዱን አንስተው አነበቡ። የኔው ማመልከቻ ሆኖ ተገኘ፣ ፕሪንተሩ አጣሞ ያተመው። መነጽራቸውን አስተካክለው መዝጊያዋ ላይ ጣታቸውን አኖሩ። ይቺ ምን ማለት ናት ብለው ጠየቁኝ። የምለውን አልኩ። ግማሹን ነው የምታውቂው አሉ።

ሉክ ፎርዋርድ ቱ ዝም ብሎ መጠበቅ አይደለም። ታክሲ የሚጠብቅ ሰው አይለውም። ጥርሱን ሊነቀል የተቀጠረም አይለውም። የእህቱ ሠርግ የደረሰለት፣ ከሩቅ ወዳጁ የሚመጣለት፣ ልቡ ቀድሞ እዚያ ሄዶ የተቀመጠ ሰው ነው የሚለው። የሚመጣውን ነገር አሁኑኑ ደስ እያለው ያየዋል። ደብዳቤ መዝጊያ ላይ ሲሆን ወግ ሆኗል፣ ስሕተትም የለበትም አሉ። ቀጥለው "ግን ማን ነው የጓጓው? አንቺ ነሽ?" አሉኝ።

እንዲህ ያለ ጥያቄ ያናድደኛል። እኛ "ለሚደረግልኝ ትብብር በቅድሚያ አመሰግናለሁ" ብለን ሳይሰጡን እናመሰግናለን፣ ፈረንጁ ሳይመልሱለት ደስ ይለዋል፣ ምን ልዩነት አለው አልኳቸው። ሳቁ። ነገሩን ወደዱት መሰለኝ ደግመው ሳቁ። ወረቀታቸውን አጣጥፈው ሄዱ። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ እሷ ጋ ስደርስ ጣቴ ይቆማል። ለዘበኛው ስጽፍ፣ ይሄ ሰውዬ ጓጉቷል? ለነርሷ ስጽፍ፣ ይቺስ? ሥራዬን አበላሹብኝ። ቢነግሩኝስ ደብዳቤው ሳይገባ አይነግሩኝም ነበር?

ማክሰኞ 11

አልተደወለም። ስልኬን ስንቴ እንዳየሁት አንተ አትቁጠር። የማላውቀው ቁጥር ሲደውል ዘልዬ አነሳሁት፤ የተላጠ መታወቂያ ላሚኔት ታደርጋላችሁ ወይ የሚል ሰው ነው።

እናቴ ነገሬን ሰማች። በአባቷ ዘመን ጉዳይ ያለው ሰው ደጅ ይጠና ነበር አለች። ሹሙ ሲገባ እጅ ይነሳል፣ ሲወጣ እጅ ይነሳል፤ ፀሐይ ይመታዋል፣ ዝናብ ይመታዋል፤ አንድ ቀን ሹሙ ቆም ብሎ "አንተ ማነህ?" ይለዋል። እናንተ ወረቀት ልካችሁ ቤታችሁ ትቀመጣላችሁ፣ ፊቱን ላላዩት ሰው ማን ያዝናል አለች። ዘመኑ ተለውጧል አልኳት። ዘመኑ ተለወጠ እንጂ ሰው መቼ ተለወጠ አለችኝ። ተናድጄ ወደ ጓዳ ገባሁ። ልክ ስትሆን ነው የምታናድደኝ።

ሐሙስ 13። ከቀኑ 9፡00

ሄድኩ። ደብዳቤዬን አስገብቼ ሳምንት ሆኖኛል፣ መጠየቅ መብቴ ነው ብዬ።

ሦስተኛ ፎቅ። የሠራተኛ አስተዳደር ክፍል ያለችው ሴትዮ ቀና ናት፣ ወንበር ሰጠችኝ። ስሜን ነገርኳት። ከመሳቢያ በላስቲክ የታሰረ ወረቀት አወጣች፣ ገለጥ ገለጥ አደረገች፣ ሳቋ መጣ። አንቺም የድልድዩ ደብዳቤ ነሻ አለችኝ።

ያስረዳችኝን እንዳለ ልጻፍልህ። አሥራ ሁለት ደብዳቤ መጣላቸው፣ አሥራ ሁለቱም ቃል በቃል አንድ። ሥራ አስኪያጁ የመጀመሪያውን ደስ ብሎት አነበበ። ሁለተኛው ላይ ግንባሩን ቋጠረ። ከሦስተኛው ጀምሮ ማንበቡን ትቶ መጨረሻውን ብቻ ያያል፤ ያቺ መዝጊያ ካለች ወደ ጎን። ደብዳቤ የሚጽፍልን ሰው ብንፈልግ ደብዳቤ የሚያስጽፍ መጣልን አለ። ራስ መኮንን ድልድይ አካባቢ አንድ ቦታ እንደሚጻፍ ወሬው ደርሷቸዋል፣ ስሙም ከዚያ ወጣ። ሆኖም ገና ሰው አልቀጠሩም። ምዝገባው እስከ ሰኞ 17 ተራዝሟል፤ የፈለገ አዲስ ማመልከቻ ይዞ መምጣት ይችላል። ሰሌዳ ላይ አልለጠፉትም፣ መጥቶ ለጠየቀ ነው የሚነገረው።

ከዚያ ጠየቀችኝ። ለመሆኑ እዚያ የሚጽፈው ማን ነው?

አላውቅም አልኳት።

ከክምሩ ላይ የፈቲያን ፊርማ አየሁት። ጅራት አላት ፊርማዋ፣ ከሩቅ ትታወቃለች። አመስግኜ ወጣሁ፣ ታክሲ አልያዝኩም፣ ቁልቁል በእግሬ እስከ ድልድዩ ወረድኩ። ውርደት ነው። ይሄን ሁሉ ዓመት ሰው ረዳሁ ብዬ ሳስብ፣ ለካ አንድ ወረቀት በአሥራ ሁለት ስም ሳባዛ ነበር። ለዚሁ ማስታወቂያ ከፈቲያ በኋላ የመጡትን አሥር ሰዎችም እንደ ወትሮው ስም ብቻ ቀይሬ ነው የሸኘኋቸው። አሥራ ሁለቱ ከዚህ መ/ቤት መሳቢያ የወጡት ብቻ ናቸው። የሌላውን መ/ቤት መሳቢያ ማን ያውቃል።

ዓርብ 14። ጠዋት

ምዝገባው መራዘሙን ከነዚያ ከአሥራ አንዱ መሃል የሚያውቅ የለም። እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው። ብዛት አንድ። አዲስ ጽፌ ሰኞ ባስገባ ማንንም አልሰረቅኩም፣ ማንንም አልዋሸሁም። እነሱስ ሄደው መጠየቅ ይችሉ አልነበር? እግር አላቸው። ልጀምር ብዬ አንድ መስመር ጽፌአለሁ። እንደውም ቆንጆ መስመር ናት።

ከቀኑ 8፡30

ፈቲያ መጣች። ለማስጻፍ አይደለም፤ ሰፈሯ መብራት ስለጠፋ ስልኳን ቻርጅ ልታደርግ ነው። ነገ የእህቷ ሠርግ ነው፣ ቡታጅራ። ቤተሰቡ ሁሉ ዛሬ ጠዋት ሄዷል። አንቺስ አልኳት። ቀረሁ አለች። ሠርጉ ያለበት ገጠር ኔትወርክ አንዳንዴ አለ አንዳንዴ የለም፣ ድንገት ቢደውሉስ ብላ። እየሳቀች ነው የምትነግረኝ። ቀሚሷ ተሰፍቶ ቤት ተሰቅሏል። እህቷ በስልክ አልቅሳለች። "ያንቺ ደብዳቤ ገብቶ የማይደውሉ ይመስልሻል?" አለችኝ።

ዛሬ ዓርብ ነው ሠራተኞቹ በጊዜ ይወጣሉ ምናምን አልኩ። ስልኳን ነቅላ ሄደች።

ማን ነው የጓጓው ብለውኝ ነበር ቲቸር በላቸው። ይኸው። ከልቧ ልትጓጓለት የሚገባውን ሠርግ ትታ፣ መሳቢያ ውስጥ በላስቲክ ለታሰረ ወረቀት የምትጓጓ ልጅ። ማን እመኚ አላት? በሷም ተናደድኩ። አንዳንዴ ሰው ሲያምንህ እንዴት እንደሚያስጠላ አታውቅም፣ ደብተር።

ከቀኑ 11፡30

ደወልኩላት። ሁሉንም ነገርኳት። ደብዳቤውን፣ ላስቲኩን፣ የድልድዩን ስም፣ ሰኞን። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ አንቺም አስገብተሻል? አዎ አልኳት። ዘጋችው።

ጭንቅላቴን ኪቦርዱ ላይ ደፍቼ ተቀመጥኩ። ጋሽ ከድር አይተው እንዳላዩ ሆኑ። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይታ በእግሯ መጣች። አልሳቀችም። ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች፣ ጻፊ አለችኝ።

ናሙናውን አልከፈትኩም። ባዶ ገጽ። ምን ታውቂያለሽ አልኳት። ምንም አለች። ከዚያ ግን፣ የአባቷን ሱቅ ደረሰኝ ከአሥራ ሁለት ዓመቷ ጀምሮ እሷ እንደምትይዝ፣ አንድም ጠፍቶባት እንደማያውቅ ነገረችኝ። በሁለት ዓመት ውስጥ ይሄን ነግራኝ አታውቅም። ጠይቄአትም አላውቅ። መዝጊያው ላይ ስንደርስ ያቺን ዓረፍተ ነገር አታውጪብኝ፣ እኔ የምሬን ነው የምጠብቀው አለች። እሷ ካለች አያነቡልሽም አልኳት። ታዲያ እንዴት ልበል አለች። ያደረግሽውን በይ አልኩ። እንዲህ ብለን ዘጋነው፦ "ስልካችሁ እንዳያመልጠኝ ከእህቴ ሠርግ ልቀር ነበር።" ነበር የምትለዋን እኔ ነኝ የጨመርኩት። አየችኝ፣ ገባት። ነገ ጎህ ሲቀድ ትሄዳለች።

ስትወጣ አልተሰናበተችኝም። ይገባኛል።

ቅዳሜ 15

ለቀሩት ለአሥሩ ደወልኩ። ስልካቸው ፋይሉ ላይ አለ። ሁለቱ አይሠራም። አንዱ ሰውዬ አጥንቴ ድረስ ሰደበኝ፣ በሰው ዕድል ቀልደሻል አለ። ሰባቱ መጡ። ቅበላ ነው፣ ሰዉ ሥጋ ቤት በር ላይ ተኮልኩሏል፣ እነሱ ግን መጡ።

አንድ በአንድ። ምን ሠርተሽ ታውቂያለሽ፣ ምን ይሳካልሃል፣ ለምን ይሄን ሥራ። አንዷ የሰፈሯን እድር መዝገብ ስድስት ዓመት ይዛለች። አንዱ ማስተማር ጀምሮ ድምፁ አልወጣ ብሎት የተወ ነው፤ ወረቀት ላይ ነው ድምፅ ያለኝ አለ፣ እንዳለ ጻፍኩለት። አንዱ ያቺ የእንግሊዝኛ መዝጊያ ከሌለች ደብዳቤው ራቁቱን ነው ብሎ ተከራከረኝ። ራቁቱን ይሂድ አልኩት። ለአንድ ሰው አርባ ደቂቃ ፈጀ። ወገቤ ተቆረጠ። ጋሽ ከድር ራሳቸው ወረቀት እያጎረሱ አተሙ፣ ምን እየሆነ ነው ብለው አልጠየቁም። ሲመሽ ግን ይሄን ድሮ ብትጀምሪው ኖሮ ቻርጀር አላመጣም ነበር አሉ። ቀልዳቸው መሆኑን እንጃ። አናደደኝ፣ አሳቀኝም።

የራሴን አልጻፍኩም። ያቺን የዓርቧን ቆንጆ መስመር አጠፋኋት።

ሰኞ 17። ጠዋት 2፡40

ጻፍኩ። በእንግሊዝኛ ነው፣ ላንተ ስል በአማርኛ ይኸው።

"የድልድዩን ደብዳቤ የምጽፈው እኔ ነኝ። ሐሙስ ዕለት አላውቅም ያልኩት ዋሽቼ ነው። መዝጊያው የኔ ስንፍና እንጂ የአመልካቾቹ አይደለም፤ ከአንድ ፋይል ነው የገለበጥኩላቸው። ዛሬ ከኔ ጋር ስምንት ሌሎች ደብዳቤዎች ይደርሷችኋል። ቃሉ የየራሳቸው ነው፣ የተየብኩት እኔ ነኝ። እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቧቸው። እኔ ደብዳቤ መጻፍ የተማርኩት ባለፈው ቅዳሜ ነው።"

መዝጊያው ላይ ቆምኩ። በቅድሚያ አላመሰገንኩም። በጉጉት እጠብቃለሁም አላልኩ፣ አልጓጓሁም፣ ፈርቻለሁ። እናቴን አሰብኳት። "መልሱን እስክትነግሩኝ በራችሁ ላይ ነኝ" ብዬ ፈረምኩ።

ይሄን አንብበው ሊያባርሩኝ ይችላሉ። ያባርሩኝ። ስምንቱን ያንብቡ።

ፈቲያ ደረሰች። ከቡታጅራ በመጀመሪያው መኪና፣ እጇ ላይ ሂናው ገና ቀይ ነው። ደብዳቤዬን ሳልሰጣት አንስታ አነበበችው። የተጣመመውን የፖስታዬን ጫፍ በእጇ አቃናችው። ማን ቀድሞ ይገባል ብዬ ጠየቅኳት። አብረን ነው አለች። ዘጠኙን ፖስታ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቻለሁ። ስለ ሠርጉ በመንገድ ትነግረኛለች፤ ታክሲው ሊሞላ አንድ ሰው ነው የቀረው እያለች ከበሩ ላይ ትጠራኛለች፣ መጣሁ እያልኳት